ቅኝት የሚይዝ ክራር ከተጣለ ጣሳ መሥራት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ከተጣለ ዕቃ ክራር እንሠራለን። ይህን የሰማ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የእኔም ልጅ ከወተት ጣሳ ክራር ሠርቶ ነበር፤ ተቃኝቶ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ይፈታል። ምን ይሻላል?» በየጊዜው በቃል ከምደግመው በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መልሱ አጭር ነው። አንድ አውታር ሲቃኝ 3 ኪሎ ያህል ይስባል፤ ስድስቱ ሲደመሩ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋሉ። የጣሳ ግድግዳ ይህን መሸከም አይችልም። አንዱን አውታር ስታከሩት ጣሳው ትንሽ ይጎብጣል፤ በጎበጠው ልክ አምስቱ ይላላሉ። እነሱን ስታስተካክሉ የመጀመሪያው ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ ያመሻል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ጭነቱን እንጨቱ ይሸከም፣ ጣሳው ድምፅ ብቻ ይስጥ። በየደረጃው ስትጠራጠሩ «ይህ ነገር ጣሳውን እየሳበ ነው ወይስ እንጨቱን?» ብላችሁ ጠይቁ።

የክፍሎቹን ስም እንደ ባህላዊው እጠራለሁ። ድምፅ የሚሰጠው ሆድ ገበቴ ነው፤ እዚህ ጣሳው ማለት ነው። ወደ ላይ የሚወጡት ሁለት እንጨቶች ምሰሶ፣ በላያቸው የተጋደመው ቀንበር፣ በገበቴው ፊት ላይ አውታሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው በርኩማ ይባላል። እኔ የምጨምረው «የታች እንጨት» የምለውን ብቻ ነው፤ አውታሮቹ ከግርጌ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ወርዱ 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ትንሽ ቢጠብ ወይም ቢሰፋ ችግር የለውም፤ የተጨረማመተ ግን አይሆንም።
- ሁለት የተጣሉ የወለል መወልወያ ወይም የመጥረጊያ እንጨቶች፣ ውፍረታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ
- ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ
- የዓሣ ማስገሪያ ናይለን። አምስት ውፍረት ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ 0.9፣ 0.7 እና 0.5 ሚሊ ሜትር ይበቃሉ። ከዕቃዎቹ ሁሉ በገንዘብ የምትገዙት ምናልባት ይህን ብቻ ነው።
- የጥጥ ጨርቅ፣ ከአሮጌ ሸሚዝ የተቀደደ
- የጠንካራ እንጨት ቁራጭ ለበርኩማ
- የተቀደደ የውሃ ማጠጫ ጎማ፣ 60 ሴንቲ ሜትር
- የፕላስቲክ ክዳን ለመምቻ
- መጋዝ፣ መዶሻ፣ ምስማር፣ ሞረድ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ፒንሳ፣ ቢላዋ፣ ማስመሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ወፍራም የሥራ ጓንት

እንጨቱ የደረቀ መሆን አለበት። ከአጥር የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያምራል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይኮማተራልም። ያኔ ማሰሪያው ሁሉ ይላላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የነዳጅ ወይም የኬሚካል ዕቃ በፍጹም አትጠቀሙ፤ ታጥቦም ቢሆን። የቀለም ጣሳም ይቅርባችሁ። ይህ ዕቃ ደረት ላይ ተደግፎ፣ በልጅ እጅ ሲዳሰስ የሚውል ነው።

የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ነው። 2ኛውንና 3ኛውን ደረጃ አዋቂ ይሥራው፤ ጓንት ሳያደርግም አይንካው። ልጆቹ ለመለካት፣ ለመሞረድ፣ ለመጠምጠምና ለመቃኘት ይድረሱ። የቆረጠው ሰው ካለ በውሃና ሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ቆርቆሮው የዛገ ከነበረ ስለ ቴታነስ ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

አውታር በሚከርበት ጊዜ ፊታችሁን ወደ ክራሩ አታስጠጉ። ሲበጠስ የሚመታው ዓይንን ነው።

አሠራሩ

1. እንጨቶቹን ቁረጡ። ለምሰሶ 65 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት፣ ለቀንበር 40 ሴንቲ ሜትር፣ ለታች እንጨት 12 ሴንቲ ሜትር። ቀለም ወይም ላክ ካለባቸው በብርጭቆ ወረቀት አስለቅቁት፤ በተለይ ቀንበሩን። ጨርቁ ቀንበሩን ነክሶ መያዝ ስላለበት፣ የሚያንሸራትት ቀንበር ቅኝት አይዝም።

2. ጣሳውን አጽዱ፣ አፉን ሸፍኑ። የወተት ጣሳ አፉ ላይ የተቀደደው ስስ ብረት ቅሪት ይቀራል። በፒንሳ እየጨበጣችሁ ወደ ውስጥ እጠፉና ሞርዱት። ከዚያ የውሃ ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ በአፉ ዙሪያ እንደ ቅምቅማት አልብሱት። ክፍት የሆነው አፍ የክራሩ ጀርባ ነው፤ የጣሳው ቂጥ ደግሞ ፊቱ ይሆናል።

3. ቀዳዳዎቹን አውጡ። ከሥራው ሁሉ ቀስ ማለት የሚፈልገው ይህ ነው።

መጀመሪያ ጣሳውን ለሁለት እኩል ክፈሉት። ክር በዙሪያው ጠምጥሙ፣ ርዝመቱን ለሁለት እጠፉት፣ በእሱ ለክታችሁ ትይዩ የሆኑ ሁለት ነጥቦች አስቀምጡ፤ አንዱ የላይ፣ ሌላው የታች መሐል ነው። ከላይኛው መሐል ግራና ቀኝ በመሐላቸው 11 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች አድርጉ። በታችኛው መሐል ግራና ቀኝ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት። ርቀቱን በማስመሪያ በቀጥታ ለኩ እንጂ የጣሳውን ክብ እየተከተላችሁ አይሁን። አራቱም ምልክቶች ከጣሳው ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበሉ።

ለምን 11 እና 7? ምሰሶዎቹ ከታች ጠበው ወደ ላይ እየሰፉ እንዲወጡ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ከወጡ በኋላ በመሐላቸው 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኖራል፤ ስድስት አውታር ያለ ጭንቅንቅ የሚቀመጠውም በዚያን ጊዜ ነው።

አሁን ጣሳውን በወፍራም ግንድ ጫፍ ላይ አጥልቁት። ግንዱ ከውስጥ ካልደገፈው ምስማር ስትመቱ ግድግዳው ይሰረጉዳል። በምልክቱ መሐል በምስማር ብሱ፣ ከዚያ በመቀስ ጫፍ እንደ ኮከብ ስምንት ቦታ ሰንጥቁ። ቆርቆሮውን ቆርጣችሁ አትጣሉት። የላይኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች ስንጣቂዎች ወደ ውስጥ፣ የታችኞቹን ወደ ውጭ እጠፉ። እንጨቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚገባ ስንጣቂዎቹ መንገዱን ተከትለው ይታጠፋሉ፤ በተቃራኒ ካጠፋችኋቸው እንጨቱን ይወጉታል፤ አያልፍምም። እንጨቱን የሚጨብጡትም እነዚሁ ስንጣቂዎች ናቸው።

4. ምሰሶዎቹን አስገቡ። እያንዳንዱን በላይኛው ቀዳዳ አስገብታችሁ በታችኛው አውጡ፤ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ቆርቆሮው እንጨቱን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ስስ የጎማ ቁራጭ ጠምጥሙ። ብረትና እንጨት በባዶው ከተነካኩ እያንዳንዱን ምት ተከትሎ ዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ራስ ያዞራል። ወደ ውጭ የታጠፉትን የታች ስንጣቂዎችም በጎማ ሸፍኗቸው።

5. ቀንበሩንና የታች እንጨቱን እሰሩ። በምሰሶዎቹ ራስ ላይ፣ ከጫፋቸው 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ማረፊያ ጥረቡ፤ ከግርጌም ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲሁ። ማረፊያዎቹ ሁሉ በጣሳው ፊት በኩል ይሁኑ። አውታሮቹ ቀንበሩን ወደ ታች፣ የታች እንጨቱን ወደ ላይ ይስቧቸዋል፤ ማረፊያ ከሌላቸው ሁለቱም በምሰሶው ላይ ይንሸራተታሉ።

ማሰሪያው ከብስክሌት ጎማ በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተቆረጠ ጥብጣብ ነው። ግማሽ ሜትር የሚያህለውን እየወጠራችሁ በመስቀለኛ ጠምጥሙ። ሳትወጥሩ ብትጠመጥሙት ገመድ ነው፤ ወጥራችሁ ስትጠመጥሙት ግን ያለማቋረጥ ይጨምቃል። ምስማር አትምቱ፤ ደረቅ እንጨት ጫፉ አካባቢ ይሰነጠቃል።

እዚህ ቁሙና አንድ ነገር ተመልከቱ። የታች እንጨቱ ጣሳውን ይነካል? ከነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጭነቱ ተመልሶ ጣሳው ላይ ወድቋል ማለት ነው። ጣት የምታስገባ ክፍተት መኖር አለባት።

6. በርኩማውን ሥሩ። 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት። ላዩን አሹሉ፣ በ1.2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ስድስት ጭረት አድርጉበት። ጭረቱ የአውታሩን ግማሽ ውፍረት ብቻ ይዋጥ፤ ከጠለቀ አውታሩን ያፍነዋል። ከስር መሐሉን ፍቃችሁ ሁለት እግር አውጡለት፤ የጣሳ ቂጥ ክብ ክብ ቅርጽ ስላለው ድፍን በርኩማ አያርፍበትም፣ ይወዛወዛል። አይጣበቅም፣ አይመታም፤ የአውታሮቹ ጫና ራሱ ይይዘዋል። ቦታው ከፊቱ የታችኛው ሲሶ ላይ ነው። ወደ ጠርዝ ካስጠጋችሁት ቆርቆሮው ደረቅ ስለሆነ ድምፁ ይቀጥናል።

7. አውታሮቹን ከታች እሰሩ። ለስድስቱም 120 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። አምስቱም ውፍረት ከተገኘ በቅደም ተከተል 0.9፣ 0.9፣ 0.8፣ 0.7፣ 0.6፣ 0.5። ሦስት ዓይነት ብቻ ካላችሁ ሦስት ባለ 0.9፣ ሁለት ባለ 0.7፣ አንድ ባለ 0.5። በታች እንጨቱ መሐል፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ደርድሯቸው። ናይለን ያሟልጫል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጥሩ፣ የተረፈውን ጫፍ በክብሪት አሙቁና ጉብ እንዲል አድርጉ። ጉቡ ቋጠሮው እንዳይፈታ ያግደዋል። የቀለጠ ናይለን ቆዳ ላይ ይጣበቃልና በጣታችሁ አትጫኑት።

8. ከላይ በጨርቅ ጠምጥሙ። መቃኛው ይህ ነው። ከጥጥ ጨርቁ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት ቁራጮች ቅደዱ። አንዱን በቀንበሩ ላይ ሁለት ዙር አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። አውታሩን በጨርቁ ላይ አራት ወይም አምስት ዙር አስኪዱ፤ ከዚያ የቀረውን ጨርቅ በአውታሩ ላይ መልሳችሁ ጠምጥሙና ጫፉን ወሽቁት። አሁን ቀንበሩ ላይ እንደ ቀለበት የሆነ ጥቅል አላችሁ። ጥቅሉን በጭብጣችሁ ይዛችሁ ስታዞሩት አውታሩ ይከራል፤ ስትለቁት ጨርቁ ቀንበሩን ነክሶ ይቆማል። የእጃችሁ ኃይል ካልበቃ እርሳስ የምታህል እንጨት በጥቅሉ ውስጥ ሰክታችሁ እንደ እጀታ አዙሩ። ከአንዱ ጥቅል መሐል እስከ ቀጣዩ ጥቅል መሐል 3 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

አቅጣጫው ለሁሉም አንድ ይሁን። አንዱ ወደ እናንተ፣ ሌላው ወደዚያ የሚዞር ከሆነ በጨዋታ መሐል ስትቸኩሉ ማክረር ሲገባችሁ ታላላላችሁ።

9. አክርሩ፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። ስድስቱንም በጥቂቱ ወጥሩ፣ ከዚያ በርኩማውን ከስራቸው አቁሙ። መጀመሪያ ሁለቱን መሐለኞች፣ ቀጥሎ ዳርና ዳር ያሉትን፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ። አንዱን ወገን ብቻ ቀድማችሁ ካከረራችሁ ቀንበሩ ያዘምማል።

10. መምቻውን ቁረጡ። ከፕላስቲክ ክዳን ላይ በአውራ ጣት ስፋት፣ ጫፉ የሞለለ። ቀኝ እጅ ስድስቱንም አውታር በአንድ ጊዜ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዲጮኹ የማይፈለጉትን ነክተው ዝም ያሰኛሉ። ሲጫወቱ ክፍት የሆነውን ጀርባ ሆዳችሁ ላይ አትለጥፉት፤ ድምፁ የሚወጣው በዚያ ነው።

መቃኘት

ከትዝታ ጀምሩ፤ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከዚያም ላይኛው ዶ ነው። ስልካችሁ ላይ መቃኛ ካላችሁ በሄርትዝ 196፣ 220፣ 247፣ 294፣ 330፣ 392 ላይ አቁሟቸው። ውፍረቶቹን የመረጥኩት ለዚህ ከፍታ ነው፤ ከታች ለየቅኝቱ ከተጠቀሰው ለውጥ በቀር ከዚህ በላይ አትውጡ። አስተማሪ ያላችሁ ሰዎች አውታሮቹን በሌላ ቅደም ተከተል ከደረደረላችሁ እሱን ተከተሉ።

ግማሽ ድምፅ ማለት በፒያኖ ላይ፣ ጥቁሩንም ጨምሮ፣ ከአንዱ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው ልዩነት ነው፤ ሙሉ ድምፅ የዚያ እጥፍ ነው። ከትዝታ ወደ ሌሎች ለመሄድ 1ኛውና 6ኛው አይነኩም (ቁጥሩ ከወፍራሙ ይጀምራል)፦

- ለአነስተኛው ትዝታ፦ 3ኛውንና 5ኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ።
- ለባቲ፦ 2ኛውን አንድ ሙሉ ድምፅ፣ 3ኛውን ግማሽ፣ 5ኛውን አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጉ።
- ለአምባሰል፦ 2ኛውን ግማሽ ዝቅ፣ 3ኛውን ግማሽ ከፍ፣ 5ኛውን ግማሽ ዝቅ።
- ለአንቺሆዬ፦ 2ኛውን ግማሽ ዝቅ፣ 3ኛውን ግማሽ ከፍ፣ 4ኛውን ግማሽ ዝቅ።

በአንድ ቀን አራቱንም አትሞክሩ። አዲስ ናይለን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይለጠጣል፤ በዚያ ጊዜ ቅኝቱ መውረዱ ስህተት አይደለም። ጠዋትና ማታ መልሳችሁ ቃኙት። በአራተኛው ቀንም ከወረደ ከዚህ በታች ያለውን ተመልከቱ።

የተለመዱ ስህተቶች

*አንዱን ስቃኝ ሌሎቹ ይወርዳሉ።* የታች እንጨቱ ጣሳውን ነክቷል፣ ወይም የቀንበሩ ማሰሪያ ላልቷል። ባለፈው አንዲት ልጅ ያመጣችው ክራር ሁሉ ነገሩ ልክ ነበር፤ አውታሮቹን ግን በታች እንጨቱ ፋንታ በጣሳው ጠርዝ ላይ በበሳቻቸው ስድስት ቀዳዳዎች አስራቸዋለች። ጠርዙ እንደ ከንፈር ወደ ላይ ተገልብጦ ነበር። ፈታን፣ ወደ እንጨቱ አዛወርን፤ ከቀትር በኋላ ተጫወተችበት።

*አንድ አውታር ብቻ ይንሸራተታል።* ጨርቁ ሰው ሠራሽ ይሆናል። ጥጥ ቀይሩ፤ ወይም ቀንበሩን በዚያ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት።

*ይንጫጫል።* አውታሩ ከበርኩማው ወደ ታች ሲወርድ የጣሳውን ጠርዝ እየነካ እንደሆነ በወረቀት ፈትሹ፤ ወረቀቱ በመሐላቸው ካላለፈ በርኩማውን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉ። ካለፈ፣ ምሰሶው የሚገባበት ጎማ ወልቆ ይሆናል።

*ድምፁ ብረት ብረት ይላል።* ጣሳ ነውና የተወሰነው አይቀርም። እጅ የምታህል ጨርቅ ከፊቱ በስተ ጀርባ በማጣበቂያ መለጠፍ ብዙውን ያለዝበዋል።

*አውታሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል።* የበርኩማው ጭረት ሹል ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

በናይለን ፋንታ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ መጠቀም ይቻላል ወይ የሚለኝ አለ። ሽቦው ለዚህ ቅኝት የበለጠ መወጠር ይፈልጋል፤ ሲበጠስም ይወጋል። ለልጅ አይሆንም።

ለአጃቢ

ክራሩ ብቻውን ሲሰለች ሁለት ነገር ጨምሩ። የመጀመሪያው 20 ሊትር የሚይዝ የውሃ ጀሪካን ነው፤ ምንም አይቆረጥም። ጎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጉልበታችሁ መሐል ያዙት፤ መሐሉን በመዳፍ፣ ጠርዙን በጣት ምቱ፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሰጣል። ክዳኑን መክፈትና መዝጋት ወፍራሙን ይለውጠዋል፤ የሚስማማችሁን ምረጡ።

ሁለተኛው የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። አሥራ ሁለት ያህል ሰብስቡና በውስጣቸው የተለጠፈውን ፕላስቲክ በምስማር ጫፍ ፈልቅቃችሁ አውጡ፤ እሱ ካለ አይንሿሿም። አታቃጥሉት፣ ጭሱ መጥፎ ነው። በመዶሻ ጠፍጥፉ፣ መሐላቸውን ብሱ፣ በሽቦ ሰክታችሁ ባላ በሆነ እንጨት ሁለት ቀንዶች መሐል ወጥሩት። ሽቦው ላይ አታጨናንቋቸው፤ ሲነቀነቁ ወዲያና ወዲህ የሚሮጡበት ሦስት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይተውላቸው፤ የሽቦውንም ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በጎማ ጠምጥሙት።